ጾመኛዋ ፔጆ

ሰቆጣ በደረስኩ ቁጥር ለጥቂት ቀናት ነቅቼም እተኛለሁ። መንገዱ ነው መሰለኝ። ከደሴ ጀምሮ ሲጠማዘዝ፣ ሲወጣና ሲወርድ ይውልና፣ ከአውቶቡስ ከወረድኩ በኋላም ሰውነቴ መጠማዘዙን አይተውም። በዚያ ላይ የጥር ጠዋት አለ። ከገደሉ ማዶ ስስ ጭጋግ ይነሳል፤ የደሃና ተራሮች ይጠፋሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ደግሞ ይጠፋሉ። የሚሰማው ደወል የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ እንኳ አይለይም። እንዲህ ባለ ጠዋት ነው አባቴን ግቢያችን ውስጥ፣ ወይራው ሥር በቆመችው አሮጌ ፔጆ ውስጥ ተቀምጠው ያገኘኋቸው።

መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። ሞተሩ አልተነሳም፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል።

«ግቢ» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። በእግሬ ኮቴ ነው ያወቁኝ። «ኮረም ልንደርስ ነው።»

ገባሁ። ምን ላድርግ? አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሹፌር ነበሩ፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚነዱት መኪናዋ እንደቆመች ነው። ፔጆዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ቀለሟ መጀመሪያ የወተት ነበር አሉ፤ አሁን የዋግ አቧራ የሚባል ቀለም ካለ እሱ ነው። ሙሽራ ጭናለች፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭናለች፣ ከኒሯቅ ገበያ ፍየል ከነባለቤቱ ጭናለች። አሁን የወይራ ቅጠል ነው የምትጭነው። አባቴ መሪውን ቀስ አድርገው ወደ ግራ አዞሩ።

«እዚህ መታጠፊያ ላይ እናትሽ ሁልጊዜ ታማትብ ነበር» አሉ።

ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ስታማትብ ታየችኝ። ልማል እችላለሁ፣ እኔም በመታጠፊያው ልክ ወደ ጎን ዘንበል ብያለሁ። ጭጋጉ በመስኮቱ አጠገብ ያልፋል፤ እኛ እንሂድ እሱ ይሂድ አልለየኝም። እንዲያው እንደዚያ ብንቀር ደስ ይለኝ ነበር።

ኮረም ሳንደርስ ግን አባቴ ቁልፉን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት።

«የኋላው ኮፈን እንቢ ብሏል» አሉ። «ቁልፉ ይገባል፤ አይዞርም። ማርያም ደግሞ ነገ ወዲያ ናት።»

ያ ኮፈን ውስጥ ያለውን ነገር ቤታችን ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ጦርነቱ መንገድ የዘጋ ጊዜ አባቴ ከነመኪናቸው ኒሯቅ አካባቢ ቀርተው ነበር። ስልክ የለም፣ መንገደኛ የለም፣ ወሬ የለም። እናቴ የደሃና ሰው ናት፤ የቄስ ልጅ። የምትጣላውና የምትቀልደው በኽምጣኛ ነበር፤ ለማርያም ስትናገር ግን አማርኛዋን አስተካክላ፣ ባለሥልጣን ፊት እንደቆመ ሰው ነበር። ሌላው ሰው ሲያለቅስ እሷ ትሳላለች። «ባሌን ከነእግሩ ከነእጁ መልሺልኝ፤ ታቦትሽ የሚወጣበትን ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። አባቴ ከነፔጆዋ ተመለሱ። ከስተው፣ ጠቁረው፣ ጫማቸው ተቀዶ፣ ግን ከነእግራቸው ከነእጃቸው።

ጃንጥላው ቶሎ አልተገኘም። መንገዱ እስኪከፈት፣ ገንዘቡ እስኪጠራቀም ቆየ። በመጨረሻ ከወልድያ መጣ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። እናቴ ቤት ውስጥ አላሳድርም አለች። አይጥ አለ፣ ሰው ይረማመዳል፣ ወጥ ይሸታል፤ ለማርያም የተሰጠ ነገር ከወጥ ሽታ ጋር አያድርም አለች። ከግቢያችን ንጹሕ ቦታ ብላ ያገኘችው የፔጆዋን ኮፈን ነው። በነጠላዋ ጠቅልላ አስገባችው፣ ቆለፈችው፣ ጥርን መጠበቅ ጀመረች። ጥር ከመድረሱ በፊት ታመመች። ሞተችም።

የዚያ ዓመት ማርያም ስትወጣ እኛ ኀዘን ላይ ነበርን፤ አባቴም ከቤት አልወጡም። ዘንድሮ ግን ገና ጥምቀት ሳይገባ ተነሱ፣ ልብሳቸውን አሳጠቡ፣ ቁልፉን ይዘው ወደ መኪናዋ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ ያጡት።

«ለእኔ የተሳለችው ስለት ነው» አሉኝ። «እኔ ተመልሼ እዚህ ፀሐይ እሞቃለሁ። የእሷ ስለት ተቆልፎበታል። እሷ እዚያ ሆና ምን ትባላለች?»

ነገር ሲዘገይ ደሜ ይፈላል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ወርጄ ቁልፉን ከትቼ አዞርኩት። አልዞረም። ኮፈኑን በጡጫ መታሁት። አባቴ ከፊት ሆነው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። በዚያ ላይ ሳቁብኝ።

መካኒኩን ጠርቼ መጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ የሚሠራ፣ አፉ ከእጁ የሚፈጥን ሰው ነው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። የኋላ ወንበሩን ነቅሎ በዚያ በኩል ሊገባ ሞከረ፤ ከወንበሩ ጀርባ ድፍን ቆርቆሮ ሆኖ ተገኘ። ካቻቪቴ ጨመረበት፤ ምንም። ከዚያ ከቦርሳው የላምባ ጠርሙስ አወጣ።

አባቴ እንደዚያ ሲነሱ አይቼ አላውቅም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ከመኪናዋ ዘለው ወረዱ ማለት እችላለሁ።

«ላምባ እንዳታስነካት!»

«አባባ፣ ላምባ እኮ ነው። ቆሻሻውን አጥቦ ያወጣዋል።»

«ነገርኩህ!»

መካኒኩ እኔን አየኝ። እኔ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። «እሺ፣ በትራፓኖ ሰራቱራውን፣ የቁልፉን ቤት፣ ልብሳውና አዲስ እናስገባለት» አለ። እሱም አይሆንም ተባለ። ቆርቆሮውን መቁረጥም አይሆንም።

«ታዲያ ምን ላድርግ አባባ? ልለምናት?»

«ለምናት» አሉ አባቴ፤ ቀልድ አልነበረም።

መካኒኩ ዕቃውን ሲሰበስብ ቀዳዳው ውስጥ በቀጭን ሽቦ ጎርጎር አደረገና ጫፉን አሳየኝ። ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር ይዞ ወጥቷል። «እህቴ፣ ይሄ ዝገት አይደለም። አንድ ዐዋቂ ነኝ ባይ ሙጫ ሞልቶበታል። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራውን ሰው ባገኘው…» አለና ተወው። እኔ አልተውኩትም። የጎረቤቱን ልጆች ጠረጠርኩ፣ ለእናቴ ልቅሶ መጥተው ግቢያችን ያደሩትን ሰዎች ጠረጠርኩ፤ ማንም ይሁን ማን እጁ ይቆረጥ እያልኩ ረገምኩ። አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው ወይራው ሥር ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ የነፍስ አባታችን መጡ። ነገሩን ሰምተው ኖሯል።

«ሌላ ጃንጥላ ይገዛና ይግባ» አሉ። «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው።»

እኔም ይህንኑ ነበር ልል የፈለግኩት፤ ቄስ ሲሉት ያምራል ብዬ ለእሳቸው ተውኩት።

«ልቤንማ ያያል አባ» አሉ አባቴ። «ጃንጥላው ግን የእሷ ነው። እኔ የምገዛው የእኔ ይሆናል።»

ቄሱ ብዙ አልተከራከሩም። መስቀላቸውን አሳልመውን፣ መኪናዋንም ሲያልፉ በመስቀላቸው ነካ አድርገዋት ወጡ።

በማግሥቱ፣ በዋዜማው ቀን፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ ነበር። ፀሐይዋ ሳትከር ትሞቃለች፤ ከበስተጀርባችን ካለው የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ የዜማ ጥናት ይሰማል። አንዱ ድምፅ ይጀምርና ይስታል፣ እንደገና ይጀምራል። አባቴ ወይራው ሥር ጋደም ብለዋል። እኔ ከመኪናዋ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ጎማው ላይ አስደግፌ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ እያንቀላፋሁ ነበር። ቁልፉ በፀሐይዋና በመዳፌ ሞቋል። ፊቴ ላይ ያረፈ ዝንብ ለማባረር እጄን ሳነሳ ሽታው መጣ።

አደስ ያለበት ቅቤ ነው። የእናቴ ፀጉር ነው።

ዓይኔን አልገለጥኩም። ብገልጥ የሚሄድ መሰለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ እናቴ ፀጉሯን ታጥባ፣ ወይራው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከሸክላዋ ቅቤ በጣቷ እየዘገነች መሃል አናቷ ላይ ታደርጋለች። ጣቷ ላይ የተረፈውን አትጠርገውም። ትነሳና ወደ ፔጆዋ ትሄዳለች፤ የኮፈኑን ቁልፍ ቀዳዳ ትቀባዋለች፤ ቁልፉንም ቀብታ አስገብታ ታዞረዋለች። አባቴ ከበሩ ሆነው «ኧረ ተይ አንቺ ሴት! መኪና ፀጉር የላትም!» ይላሉ። እሷ ዘወር ሳትል «የደረቀ ሁሉ ቅቤ ይወዳል» ትላለች።

ይህ እንግዲህ በፍስኩ ነው። ጾም ሲገባ ቅቤው ይቀመጣል። በሁዳዴ፣ በፍልሰታ፣ በነቢያት ጾም እናቴ የኑግ ዘይት በጥጥ ነክራ ትመጣለች። «እሷስ ብትሆን ከዚህ ቤት አይደለች? እኛ ጾመን እሷን እናስፈስካት?» ትላለች። የቄስ ልጅ እንዲህ ስትል ማን ይከራከራታል? አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኑግ ሲከርም ሙጫ ነው የሚሆን፣ ብለው ሞከሩ። የዘይት ጠርሙስ አፍ ላይ የቀረ ኑግ ምን እንደሚሆን እሷም ታውቃለች፤ ነገር ግን ሃይማኖት ሃይማኖት ነው። እናም በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ፍስክና ጾም፣ ቅቤና ኑግ፣ ከዋግ አቧራ ጋር ሲደራረብ ኖረ። እሷ በየሳምንቱ ስታዞረው ይዞር ነበር። እሷ ስትቀር ቆመ።

ስንት ሰው ነው ትናንት የረገምኩት! ቁልፉን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ቆየሁና ተነስቼ ወደ አባቴ ሄድኩ። አልተኙም ነበር።

«ያውቁ ነበር» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ላምባውን ለምን ከለከሉት? ላምባ ይፈታው ነበር እኮ፣ አባ።»

አባቴ ደከም ያለ ዓይናቸውን ወደ መኪናዋ አዞሩ።

«ላምባ ያጥባል» አሉ። «ልብሷን ለድሃ ሰጣችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። አልጋዋን አወጣችሁ። ቤቱን በኖራ ቀባችሁት፤ እሱም ደግ። እኔ ቁልፉን እየያዝኩ ነው የማድር። እሱን ደግሞ ታጥቡብኝ?» አሉ።

ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ያ ተማሪ ዜማውን ሲጀምርና ሲስት አብረን ሰማነው። ከዚያ፣ ለራሴ የምናገር ያህል፣ «ቅቤ ከሆነማ መታጠብ አያስፈልገውም። ሙቀት ነው የሚፈልገው» አልኩ። አባቴ እጄን ያዙ። ፊታቸውም ሲፈታ አየሁት።

በዚያው ሰዓት ልሞክረው ብድግ ብል ከለከሉኝ። «ስለት የሚወጣው በቀኑ ነው። ደጇ ወስደን፣ በእሷው ጧፍ እናሙቀው» አሉ። ባይከፈትስ አልኩ። «ባይከፈት ታቦቷ ስትወጣ ስለቱ ከነመኪናዋ ደጇ ቆሞ ይገኛል። ከዚህ ወይራ ሥር አይሻልም?» አሉኝ። እኔ በበኩሌ ፈርቻለሁ። እዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቁልፉ እንቢ ቢል አባቴ የሚሆኑትን ማየት አልፈለግኩም።

በማርያም ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ጭጋጉ ግቢያችን ድረስ ገብቷል። አባቴ ነጭ በነጭ ለብሰው መሪው ላይ ተቀመጡ፤ ይሄኛው ጉዞ የእውነት ነው፤ ዓይናቸውንም አልጨፈኑም። ነጭ የለበሱ ጎረቤቶች ከኋላ ሆነው ገፉ። መካኒኩም መጥቶ፣ የታጠበች ጋቢውን በዘይት በተነከረ እጁ ሰብስቦ ይገፋል። «ለምናት ያሉኝን እየፈጸምኩ ነው አባባ!» ይላል። መኪናዋ ከግቢ ወጥታ ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ራሷ መሄድ ጀመረች። ድምፅ የላትም። በጭጋግ ውስጥ፣ በነጭ ሰዎች መሃል፣ ቀስ እያለች ስትወርድ ጎማዋ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። የሚቀድሙት ሴቶች ዘወር እያሉ እልል ይሉላታል። እኔ ጎን ጎኗን እየሄድኩ፣ እጄን መስኮቷ ላይ አድርጌ፣ ከዚህ በፊት ያየሁትን ሕልም እያየሁ መሰለኝ። አባቴ ቅጥሩ አጠገብ ሲደርሱ ፍሬን ያዙ።

ከደጀ ሰላሙ ሥር ከተቀመጠች ሴት ጧፍ ገዛሁ። ለኮስኩት። አባቴ ቁልፉን እንዲይዙ አልፈቀድኩም፤ እሳቸውም ለእኔ አልለቀቁም፤ በመጨረሻ በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልለን ሁለታችንም ያዝነው። እሳቱ የቁልፉን ጥርስ ላሰው። ሲግል አስገባነውና ጠበቅን። አዞርን። አልዞረም። ከቅጥሩ ውስጥ ከበሮው ተመታ፤ ታቦቱ ሊወጣ ነው። እንደገና አጋልነው፣ አስገባነው። አሁን ቀጭን ቡናማ ቅባት ከቀዳዳው ወረደ። ሽታው ወጣ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስተኛ ስናስገባው እኔ ምንም ኃይል አልሰጠሁም። የእሳቸው ጣቶች ከእኔ ጣቶች ሥር ሲዞሩ ብቻ ተሰማኝ። ቀጭ አለ።

ኮፈኑ ሲከፈት ጃንጥላው እንዳስቀመጠችው በነጠላዋ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አንድ ክሩ እንኳ አልተነካም። የነፍስ አባታችን ራሳቸው መጥተው ተቀበሉ፤ ሲዘረጉት ቀዩ ከፋይ በነጩ ጭጋግ ውስጥ ፈካ። ታቦቷ በእናቴ ጃንጥላ ሥር ወጣች። እልልታው ሲነሳ እኔ አለቅሳለሁ፤ መካኒኩም ያለቅሳል፤ እሱን ምን እንዳስለቀሰው እንጃ። አባቴን ስፈልጋቸው ከመኪናዋ ኋላ ናቸው። ከቁልፉ ቀዳዳ የወረደውን ቅባት በጣታቸው ጠረጉ። ልብሳቸው ላይ ሊጠርጉት ነው ብዬ ሳስብ፣ ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው መሃል አናታቸው ላይ ቀቡት። ከዚያ ሕዝቡን ተከትለው ሄዱ።

ወደ ደሴ ከመመለሴ በፊት ኮፈኑን ብዙ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። እንደ ልብ ይከፈታል። ባዶ ነው። ለአባቴ ጥሩ የመኪና ግሪስ ገዝቼ ትቼላቸው ሄድኩ፤ አመሰገኑኝ።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ደወልኩላቸው። ስልኩን ለማንሳት ዘገዩ።

«ምነው ቆዩ?» አልኩ።

«ገበያ ወጥቼ ነበር። ኑግ አልቆብኝ።»

«ለሽሮ ነው?»

«ለመኪናዋ ነው እንጂ። ጾም አይደል?»

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ አይተን፣ ያን ሁሉ ለፍተን! «አባ፣ ይጣበቃል እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ኑግ ሙጫ ነው የሚሆን ያሉት እርስዎ አይደሉም? እንደገና እንቢ ይላል!»

«ይላላ» አሉ አባቴ፣ ተረጋግተው። «ያኔ ትመጫለሽ።»